ባለቤት ያለው ድምፅ

በትልልቅ መርከቦች ለሽርሽር የሚጓዙ ፈረንጆች አንድ የማይለቃቸው ጣጣ አለባቸው፤ ድምፅ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ባሕር ላይ ሊያርፍ የሄደ ሰው ማታ ጎኑን ሲያሳርፍ ከወለሉ ሥር ሞተር ያጉረመርማል፣ ከራሱ በላይ ወንበር ይጎተታል፣ ከግድግዳው ማዶ የማያውቀው ሰው ያስላል። መርከቡ በማዕበል በተወዘወዘ ቁጥር የቁምሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ያነጋል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ግን መላ አያጡም። ክፍል ሲይዙ ከመርከቡ ወገብ ይመርጣሉ፤ ከጭፈራ ቤቱ ሥርና ከሞተሩ በላይ ያለውን ይሸሻሉ። የሚንሲጠጠውን ቦታ በእጃቸው ዳብሰው ያገኙና ወረቀት አጥፈው ይወትፉበታል። ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ጎረቤት ሲከብዳቸው አስተናጋጅ ጠርተው ያስነግራሉ። የማይችሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወርዶ መሄድ።

እኛ ባሕር ስለሌለን ነገሩ አይመለከተንም የሚል አንባቢ ካለ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያልደረሰው ብቻ መሆን አለበት። በብሎኬት ግድግዳ የተለያዩ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ አንዱ በሌላው ጣሪያ ላይ የሚራመዱ ሰዎች ከመርከብ ተሳፋሪ በምን ይለያሉ? እንዲያውም ተሳፋሪው ይሻላል። እሱ ክፍሉን መርጧል፤ ከሳምንት በኋላም ይወርዳል። ባለ ዕጣው ግን ክፍሉን የመረጠለት ዕጣ ነው፤ ልውረድ ቢልም የባንክ ዕዳው አያወርደውም።

በባሕር ላይ ለእንቅልፍ ሕግ ወጥቶለታል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀውና ከሐምሌ 2014 ጀምሮ በአዳዲስ መርከቦች ላይ የሚሠራ ደንብ አለ። ከ10 ሺህ ቶን በላይ በሆነ መርከብ የሠራተኛው መኝታ ክፍል ድምፅ ከ55 ዴሲቤል፣ ከዚያ ባነሰው ከ60 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያዛል። ልብ በሉ፤ ደንቡ በመጀመሪያ ያሰበው ለባለ ገንዘቡ መንገደኛ አይደለም፤ ለመርከቡ ሠራተኛ ነው። ሌሊት ያልተኛ መካኒክ ቀን መርከብ ያሰጥማልና።

እኛስ? እኛም ሕግ አላጣንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና መንቀጥቀጥን በስም ይጠራቸዋል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን እንዳያልፉም ያዛል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣና ጩኸትን ከብክለት ቆጠረው። ይህን ተከትሎ በተዘጋጀው መለኪያ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ አይፈቀድም። ዴሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ45ና በ75 መካከል ያለው ልዩነት 30 ሳይሆን 1,000 እጥፍ ነው።

ይህ አዋጅ የታተመበት ጋዜጣ ስም የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያጣፍጠዋል። ጩኸትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በከበሮ ስም በሚጠራ ወረቀት ነው! ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር የነጋሪቱን ሥልጣን ወረሰ፤ ድምፁን ግን ለታሪክ ተወለት።

የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 1225 አንድ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለው። ከልክ ያለፈ ጩኸት የትኛው እንደሆነ ለመለየት የአካባቢው ልማድ ይታይ ይላል። እንግዲህ ልማዳችን ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ምስክር አይገኝም። አገሩ ከፍታ ነው፤ ገደልና ሸንተረሩ ድምፅ ይቀባበላል።

በደብረ ብርሃን እንጀምር። ከተማዋን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ካህናት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ፣ ጠበልም ይረጩ ነበር፤ ንጉሡ የመተተኞችን ክፋት ይሠጉ ነበርና። በዚያ ግቢ የሚያስፈራው ጩኸት አልነበረም፤ ዝምታ ነበር። ድምፁ ሲቋረጥ ክፉ ይገባል። መርከበኞችም እንዲህ ያለ ነገር ያወራሉ፤ ሞተሩ ሲያጓራ የተኛ ሰው ሞተሩ ዝም ሲል ደንግጦ ይነሣል።

ከአራት ምዕት ዓመት በኋላ ወደ አንኮበር እንውጣ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ድምፅ እንደ ርስት ባለቤት ነበረው። ነጋሪት ማንም አይጎስምም። የሚያስጎስም ሹም “ባለ ነጋሪት” ይባላል፤ ማዕረግ ነው። ነጋሪት ሲመታ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል፣ አዋጁ ይነገራል፣ ያልቃል፤ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ያ ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣና መቼ እንደሚያበቃ የማያውቅ ሰው የለም።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት ከቦምቤይ በመርከብ እስከ ታጁራ፣ ከዚያም በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል መድፍና ጠመንጃ፣ በራሱ ዜማ የሚያሰማ ሰዓትም ነበሩበት። መድፉ በንጉሡ ፊት ተተኮሰ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጽፉት ስለ ውሉና ስለ መድፉ ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ያ ሰዓት ነው። አዝማሪ የሌለው ዜማ! እስከዚያ ቀን ድረስ በሸዋ ዘፈን ከተሰማ ዘፋኝ አለ፤ ዘፋኙ ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ይሸለማል፣ በቃህ ሲባልም ዝም ይላል። ይኸኛው አይደክመውም።

በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ድምፅ ወደ አንኮበር መጥቶ ነበር። ድሜጥሮስ የሚባል የውጭ አገር የእጅ ባለሙያ ለንጉሡ የውኃ ወፍጮ ሠራ። ድንጋዩ ያለ ሰው እጅ ዞረ፣ እህሉም ተፈጨ። ካህናቱ ግን የአጋንንት ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮው ቆመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወፍጮው ሲቆም ለማን ጸጥታ ሆነ? እህሉ መፈጨቱ አልቀረም። በቤተ መንግሥቱም በየጎጆውም ሴቶች በዶሮ ጩኸት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ቀና ማለታቸውን ቀጠሉ። የእጅ ወፍጮም ድምፅ አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገራግር ይሰማል። ያንን ግን የአጋንንት ሥራ ያለው አልነበረም፤ ለጆሮ የተለመደ ነዋ። ፈጪዎቹ ደግሞ ነጋሪት አልነበራቸውም። የአካባቢው ልማድ ይታይ ሲባል ልማዱን የሚናገረው ማን እንደሆነ አብሮ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ዛሬ በሸዋ ገጠር የናፍጣ ወፍጮ ከሩቅ ሲንደቀደቅ የሚረበሽ ከተማ ቀመስ እንግዳ ይኖር ይሆናል፤ እህል ተሸክማ ዳገት የምትወጣዋ ሴት ግን “እሰይ፣ ዛሬ ይሠራል” ትላለች።

ልማዱን በነጋሪትና በወፍጮ ብቻ አንለካው። ላሊበሎችን አስቧቸው። ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ ሙሉ እንቅልፍ ይሰብራሉ። ነገር ግን የመጡበት ሰዓት ይታወቃል፣ የሚፈልጉትም ይታወቃል፤ ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። የእድር ጡሩምባ ነፊም እንዲሁ ነው። ሌሊት በጡሩምባ የነቃ የሰፈር ሰው ማን ሞተ ይላል እንጂ ማነው የሚረብሸኝ አይልም። የቡሄ ጅራፍም ጆሮ ይበጥሳል፤ ቢሆንም ቡሄ ሲያልፍ ጅራፉ ይሰቀላል። እንግዲህ ልማዳችን ዝምታ አልነበረም። ልማዳችን ድምፅ ባለቤት፣ ምክንያትና ማብቂያ እንዲኖረው ነበር።

ሞንታርቦ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ድምፅ ማጉያ ሦስቱንም አፈረሰ። ማሕሌቱ ስንት ምዕት ዓመት በከበሮና በጸናጽል ሲቆም ኖሯል፤ አዛኑም በሰው ጉሮሮ ሲሰማ ኖሯል። ልክ የሚያበጅላቸው የሰው ሳንባ ነበር። ማጉያው ሲመጣ ሳንባው ቀረ፣ ልኩም ቀረ። ቀጥሎ የሎተሪ ሻጩ፣ ካሴት ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ፣ የቅናሽ ሽያጩ ሁሉም ሞንታርቦውን ወደ መንገድ አዞረ። ይህን የሚያነሣ ሰው ሃይማኖት የተነካ ይመስል ይቆጡታል። ማሕሌቱንም አዛኑንም የነካ የለም፤ የተጠየቀው ጨረቃ ላይ ላሉ ሳይሆን ደጃፍ ላለው ምእመን በሚበቃ መጠን ይሁን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ቀን የሚተኙ ሰዎች ናቸው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን በ1957 ዓ.ም. ስታገኝ የፋብሪካ ፈረቃንም አብራ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሌሊት በስፌት መኪናና በማሽን ጩኸት መሐል ቆማ ያነጋች ልጅ ጠዋት ወደ ኪራይ ቤቷ ትመለሳለች፤ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር የምትጋራት አንዲት ክፍል ናት። ልትተኛ ስትል ከተማው ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለጥሩ እንቅልፍ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የእኛ መለኪያ ቀን 55 ሲፈቅድ ሌሊት የሚተኛውን ሰው አስቦ ነው። ቀን የምትተኛዋን አላሰበም። ባሕር ላይ የሠራተኛው ጓዳ በዴሲቤል ተለክቶ ተጽፎለታል፤ ብርድ ልብስ ሸምና የምታሞቀን ልጅ ግን ወረቀት አጥፋ የምትወትፍበት ቀዳዳ እንኳ የላትም፤ ጩኸቱ የሚገባው በሁሉም በኩል ነዋ።

ምን ይደረግ? ፖሊስ በየደጃፉ መለኪያ ይዞ አይቆምም። ክስም ጎረቤትን ከጎረቤት ለዘለዓለም ያኳርፋል። እድር ግን በየሰፈሩ አለ። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ቅጣት አለው፤ ከሁሉም በላይ በልማዳችን ሌሊት የመጮኽ ሙሉ መብት ያለው እሱ ነው። ስለ ጡሩምባው የተስማማ ሰፈር ስለ ሞንታርቦውም መስማማት አያቅተውም። የማን ነው? እስከ ስንት ሰዓት? ወደ የት ዞሮ? ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ የወር ስብሰባ ተነሥተው ደንቡ ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ስብሰባው ሲጠራ ታዲያ በአንዲት ክፍል የሚከራዩት የፈረቃ ልጆችም ይጠሩ። የእድር አባል አይደሉም ተብለው ደጅ ከቀሩ፣ ልማዱን ዛሬም የሚናገሩት ባለ ነጋሪቶች ብቻ ይሆናሉ።