ስሙ ከማን ተወሰደ?
(ስለ ፐንክ ሮክ ባንዶች አሰያየም)

አበው «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ፤ ስም ሰውን ወደ ሥራው ይመራዋል ማለታቸው ነው። እሺ፣ ሥራ የሌለው ሰው ስም ሲያወጣስ ወዴት ይመራዋል? ይህን ጥያቄ ይዘን ከዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በኒውዮርክ፣ በለንደንና በማንቸስተር ጊታር ያነሡ ወጣቶችን ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

«ፐንክ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ነበር፤ በአሜሪካ መንገድ ላይ ሲነገር የኛን «ዱርዬ» ያህላል። በ1976 መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ በዚሁ ስም አንድ መጽሔት ወጣ፤ ስድቡም የሙዚቃ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሥራ አጡ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰው ወጣት ሥራ የለው፣ ስቱዲዮ የለው፣ አንዳንዱማ ጊታሩን እንኳ በቅጡ መቃኘት አያውቅም። ያለ ገንዘብ የሚገኝ አንድ ነገር ቢኖር ስም ነው። ስለዚህ ዜማው ሳይበስል ስሙ ይወጣል!

የአወጣጡም መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በ1974 በኒውዮርክ፣ ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል የተቋቋሙት ራሞንስ ስማቸውን የወሰዱት ከቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው። ማካርትኒ ገና ዝና ሳያገኝ፣ በ1960 ስኮትላንድን ሲዞር፣ ራሱን «ፖል ራሞን» ይል ነበርና። አራቱ ልጆች የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው ሁሉም «ራሞን» ተባሉ፤ የአባታቸውን ስም ትተው በስም ወንድማማች ሆኑ ማለት ነው። በ1976 ለንደን ላይ የተሰባሰቡት ደግሞ ጋዜጣ ባነሡ ቁጥር አንድ ቃል ያጋጥማቸዋል፤ «ክላሽ»፣ ግጭት። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ፖል ሲመነን ይኸው ስማችን ይሁን አለ፤ ሆነም። ስሙን ያወጣው ዘመኑ ራሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሴክስ ፒስትልስ ግን ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጃቸው ማልኮም ማክላረን በለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ «ሴክስ» የሚባል የልብስ ሱቅ ነበረው፤ የሱቁን ስም ከባንዱ ስም ላይ ለጠፈው። እንግዲህ የዐመፅ ስም ያልነው በከፊል የሱቅ ማስታወቂያ ኖሯል! ሆኖም ስሙ ከባለሱቁ እጅ አምልጦ የራሱን መንገድ ያዘ። በ1977 አዳራሾች በራቸውን ሲዘጉባቸው «ስፖትስ» በሚል ምሕጻረ ቃል ተሸሽገው ዞሩ፤ ሲፈታ «ሴክስ ፒስትልስ በምስጢር ጉዞ ላይ» ማለት ነው። ለመጮህ የወጣ ስም መደበቅ ግድ ሆነበት።

እስከዚህ ብንስቅም ያስኬዳል። ቀጥሎ ያለው ግን አያስቅም። በማንቸስተር «ዋርሶ» ተብሎ በ1977 መድረክ ላይ የወጣ ባንድ ነበር። ሌላ የለንደን ባንድ ተቀራራቢ ስም ይዞ ስለተገኘ በ1978 «ጆይ ዲቪዥን» ተባለ፤ «የደስታ ክፍል» እንደማለት ነው። ቃሉ የተወሰደው ከኦሽዊትዝ የተረፈ ደራሲ ከጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በናዚዎች ካምፕ ሴቶች እየተገደዱ ለወታደር የሚቀርቡበትን ክፍል ያመለክታል። ልጆቹ የናዚ ደጋፊዎች አልነበሩም፤ ሙዚቃቸውም ጨለማውን ሲያወድስ አይሰማም። ቢሆንስ? ያን ስም በሥጋቸው የከፈሉበትን ሴቶች ማን ጠየቃቸው?

ጥያቄው ወደ አፍሪካም ይመጣል። በ1978 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የተቋቋመው የዴድ ኬኔዲስ ዘፋኝ ራሱን «ጄሎ ቢያፍራ» ብሎ ሰየመ። ጄሎ አሜሪካኖች የሚበሉት ጣፋጭ ነው። ቢያፍራ ደግሞ ከ1967 እስከ 1970 ከናይጄሪያ ልትገነጠል ተዋግታ በራብ ያለቀች ምድር ናት። ጥጋብንና ራብን ጎን ለጎን አስቀምጦ የጠገበውን ማሳፈሩ ነበር። ሐሳቡ ይገባናል። ግን እኛም የምንናገረው አለን። ከ1973ና ከ1984 ራብ በኋላ የአገራችን ስም በባዕድ አፍ የራብ ሌላ መጠሪያ ሆኖ ሰምተነዋል፤ መቀለጃም ሆኖ። ስለዚህ አንድ ሰው «ጄሎ ወሎ» ተብሎ ቢመጣ ኖሮ ምን እንል ነበር? ምጸቱ ገብቶን እናጨበጭባለን፣ ወይስ አንገታችንን እንደፋለን? የቢያፍራን እናት በዚህ ቦታ አስቀምጠን ማሰብ ይገባናል።

ታዲያ ማንንም ሳይነኩ ስም ማውጣት አይቻልም? ይቻላል። በ1979 በሆላንድ የተቋቋሙት «ዘ ኤክስ» ስማቸውን የመረጡት አጭር ስለሆነና ግድግዳ ላይ በቀለም ቶሎ ስለሚረጭ ነው። በቃ! ከማንም መከራ አልተበደሩም፤ ባዶውን ስም የሞሉት በሥራቸው ነው።

በ2002 እነዚሁ ሆላንዶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ2004፣ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ አንጋፋውን የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋበዟቸው። ጌታቸው ፉከራውንና ሽለላውን በሳክስፎን የሚያስጮኹ፣ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠሩ ሰው ናቸው። ልብ በሉ፤ በኛ አገር የባንድ ስም ደመወዝ ከፋዩን ይናገር ነበር እንጂ ተጫዋቹን አይናገርም። በ2006 አብረው የሠሩት «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ሲወጣ ግን ስሙ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ ይቀድማል፣ ዘ ኤክስ ይከተላል። ጌታቸው በ2016 አረፉ፤ የስሙ ቅደም ተከተል ግን እንደተጻፈ አለ።

ባንድም ይሁን የቴአትር ክበብ ወይም መጽሔት፣ ስም ለማውጣት የሚሰበሰብ ሁሉ «ያምራል? ያስደነግጣል?» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ይከራከር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ግን ቃሉ የማን እንደነበረ አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቅ።