የአፋር ስም በሊቃውንት ሸንጎ

አዳም ለምድር አራዊትና ለሰማይ አዕዋፍ ሁሉ ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ስም አውጪው አንድ ብቻ ስለ ነበረ የሚከራከረው ሰው አልነበረም። በኋላ ዘመን ግን ስም አውጪው በዛ፤ አንዱ እንስሳ በየአገሩና በየቋንቋው ልዩ ልዩ መጠሪያ መያዙ ሳያንስ፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው በሮማይስጥ የሚያወጡለት ስም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚለዋወጥ ሆነ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔ ይህን ችግር ለማቃለል ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሁለት ቃል ብቻ ያለው ስም ሰጠ። ፊተኛው ቃል የወገኑ፣ ኋለኛው ቃል የዝርያው ስም ነው። በ1758 የታተመው የመጽሐፉ 10ኛ እትም የእንስሳት ስም ሁሉ መነሻ ሆኖ ስለ ተቆጠረ፣ ከዚያ በፊት የወጣ ስም በሕጉ ፊት ዋጋ የለውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኔ ሥርዐት ሠራ እንጂ ዳኛ አላቆመም። በ1778 ከሞተ በኋላ አንዱን ወፍ አምስት ሰዎች በአምስት ስም የሚጠሩት፣ ሌላውም የወዳጁን ስም ለማስጠራት ሲል የቀድሞውን ስም የሚሽር ሆነ። በ1842 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር በሂዩ ስትሪክላንድ መሪነት የተዘጋጀ ደንብ አወጣ፤ ደንቡን ካዘጋጁት የኮሚቴ አባሎች አንዱ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። ዋናው ሐሳብ ቀዳሚነት ነው፤ ለአንድ ዝርያ ብዙ ስም ወጥቶለት እንደ ሆነ አስቀድሞ የታተመው ይጸናል፣ የቀሩት ይወድቃሉ። ስትሪክላንድ ከ11 ዓመት በኋላ ለባቡር ሐዲድ በተቆረጠ ገደል ውስጥ ድንጋይ ሲመረምር ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ የደንቡ መንፈስ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1895 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥናት ጉባኤ አምስት አባሎች ያሉት ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ ይኸውም እስከ ዛሬ በእንስሳት ስም ላይ የሚፈርደው ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1905 ታተመ።

ቀዳሚነት ግን ሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው። ለመቶ ዓመት ተማሪና አስተማሪ ሲጠራው የኖረ ስም፣ ማንም በማያነበው አሮጌ መጽሔት ውስጥ በተገኘ ሌላ ስም ምክንያት በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ በ1913 በሞናኮ የተደረገው ጉባኤ ለኮሚሲዮኑ ሙሉ ሥልጣን ሰጠው፤ ሕጉ እንደ ፊደሉ ቢፈጸም መደናገርን የሚያመጣ በሆነ ጊዜ፣ ለዚያ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሕጉን አግዶ ይፈርዳል። በቀድሞው የኢትዮጵያ የፍርድ ሥርዐት በዙፋን ችሎት ከሕጉ ፊደል ይልቅ ርትዕ ይታይ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ኮሚሲዮኑ ብቻውን አይቈርጥም፤ አቤቱታው በመጽሔቱ ታትሞ ለዓለም ሊቃውንት ይቀርባል፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ አባሎቹ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሙሉውን ሥልጣን ለመጠቀምም ከሦስቱ እጅ የሁለቱ እጅ ድምፅ ያስፈልጋል።

ይህ ሥልጣን ከኢትዮጵያ ምድር በተነሣ ስም ላይ የተሠራበትም ጊዜ አለ።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ስድሳ የሚያህሉ እስረኞች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት፣ በተገደሉ ማግሥት፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በአፋር በረሓ ሐዳር በተባለው ሥፍራ የአንዲት ጥንታዊት ፍጡር ዐፅም አገኙ። ከመላው አካሏ መቶ እጅ 40 የሚያህለው የተገኘላት ይህች ፍጡር 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠረች ናት። ተመራማሪዎቹ በሰፈራቸው ይሰሙት ከነበረው የእንግሊዝኛ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ድንቅነሽ አሏት። ከዚያ አስቀድሞ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አስፋው በሐዳር መንጋጋዎች አግኝቶ ነበር። በሚከተለው ዓመትም ቢያንስ የ13 ሰብአ መሰል ፍጡራን ዐፅም በአንድ ኮረብታ ላይ ተገኘ።

በእነዚሁ ዓመታት ከሐዳር በስተ ደቡብ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በታንዛንያ በሚገኘው ላይቶሊ በተባለው ሥፍራ እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሊኪ ከሐዳሩ በዕድሜ የሚበልጡ መንጋጋዎችንና ጥርሶችን ይሰበስቡ ነበር። እነዚህን መርምሮ እንዲጽፍ አደራ የተሰጠው አሜሪካዊው ቲም ዋይት ነበር። እርሱና ጆሃንሰን የሁለቱን አገር ዐፅም ጎን ለጎን አስቀምጠው ካስተያዩ በኋላ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ብለው ደመደሙ። በ1978 ከፈረንሳዊው ኢቭ ኮፐንስ ጋር ሆነው በክሊቭላንድ ሙዚየም መጽሔት አውስትራሎፒቴኩስ አፋሬንሲስ የሚለውን ስም አወጡ። የዝርያው ስም ከአፋር የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር መታወቅ አለበት። ለአዲስ ዝርያ ስም የሚያወጣ ሰው ስሙን የሚሸከም አንድ ናሙና መምረጥ ይገባዋል። ናሙናው ከሁሉ የሚያምረው ወይም ከሁሉ የተሟላው መሆን የለበትም፤ ሥራው እንደ ወሰን ድንጋይ ነው። ወሰኑ ቢጠብም ቢሰፋም ስሙ ድንጋዩ ካለበት ዘንድ ይቀራል። ሦስቱ ሊቃውንት የመረጡት ድንቅነሽን አልነበረም። የመረጡት ኤል. ኤች. 4 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን የላይቶሊ የታች መንጋጋ ነው። ይህ መንጋጋ በ1977 በዋይት ጽሑፍ በሥዕል ተደግፎ ታትሞ ስለ ነበረ ለማንም ሊቅ የታወቀ ነበር፤ ሁለቱንም ሥፍራዎች በአንድ ስም ለማሰርም የተመቸ ሆነ።

ለሜሪ ሊኪ ግን ይህ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። የላይቶሊ ፍጡራን ወደ ሰው ወገን የሚያደርሱ የቀድሞ አባቶች ናቸው ብለው ያምኑ ስለ ነበረ አውስትራሎፒቴኩስ የሚባለውን ስም ለእነርሱ አልፈቀዱም። ከዚህም በላይ በእጃቸው የተገኘው መንጋጋ የሌላ አገር ስም ተሸካሚ ሆነ። በዚያው በ1978፣ ሊኔ የሞተበት 200ኛ ዓመት በሚታሰብበት ጉባኤ፣ በሊኔ በራሱ አገር በስዊድን፣ ጆሃንሰን አዲሱን ስም ሲያሰሙና ስለ ላይቶሊም ሲናገሩ ሜሪ ሊኪ ተቀምጠው አደመጡ። ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዷ ሆነው የተመዘገበውን ስማቸውን እንዲያወጡላቸው አስገደዱ፤ ተፍቆም ወጣ። በ1980 ከማይክል ዴይና ከቶድ ኦልሰን ጋር ሆነው በሳይንስ መጽሔት ስለ ስሙ አቋም የተቃውሞ ጽሑፍ አሳተሙ። ቅሬታቸው ምክንያት ነበረው፤ ቢሆንም ደንቡ ናሙናን ያገኘው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ስሙን በሥርዐት ያሳተመው ማን እንደ ሆነ ነው።

ለአፋር ስም የሚያሰጋው ነገር የመጣው ግን ከዚህ ጠብ አልነበረም። የመጣው በ1939 ከተገኘ ትንሽ የዐፅም ቁራጭ ነው። በዚያ ዓመት ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮል ላርሰን፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ትተዳደር በነበረችው በታንጋኒካ፣ ጋሩሲ በተባለው ሥፍራ ሁለት ጥርሶች ያሉበት የላይ መንጋጋ ቁራጭ አገኘ። ጋሩሲ ማለት ላይቶሊ ካለበት ሥፍራ ነው። በ1950 ሐንስ ቫይነርት የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ቁራጩን በጃቫ ከተገኙት ግዙፍ መንጋጋዎች ወገን ቈጥሮ ሜጋንትሮፑስ አፍሪካኑስ አለው። በ1955 ደግሞ የቱርክ ሊቅ ሙዛፈር ሼንዩሬክ ከጃቫው ወገን አውጥቶ ፕሬአንትሮፑስ ወደሚባል ወገን አዛወረው፤ ፕሬአንትሮፑስ አፍሪካኑስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር።

የጋሩሲው ቁራጭ ከላይቶሊና ከሐዳር ዐፅም ጋር አንድ ዝርያ ነው ከተባለ፣ አፍሪካኑስ በ1950፣ አፋሬንሲስ በ1978 የወጣ ስለ ሆነ፣ በቀዳሚነት ሕግ አፋሬንሲስ መውደቅ ነበረበት። አፋሬንሲስን ያዳነው ሌላ ሕግ ነው። ይህንንም በቤተሰብ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። የወገን ስም እንደ አባት ስም፣ የዝርያ ስም እንደ ልጅ ስም ነው፤ በሮማይስጥ ግን የአባቱ ስም ይቀድማል። በአንድ አባት ቤት ሁለት ልጆች በአንድ ስም እንዲጠሩ ደንቡ አይፈቅድም። በአውስትራሎፒቴኩስ ቤት ደግሞ አፍሪካኑስ የሚባል ታላቅ ልጅ አስቀድሞ ነበረ፤ ይኸውም በ1924 በደቡብ አፍሪካ በታውንግ የተገኘውና በ1925 ሬይመንድ ዳርት ስም ያወጡለት ነው። የጋሩሲው ፍጡር ወደዚህ ቤት በገባ ጊዜ የራሱን ስም ይዞ ሊቀመጥ አልቻለም፤ ስለዚህ ታናሹ በአፋሬንሲስ ይጠራ ዘንድ ሕጉ ራሱ ደገፈው።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ታናሹ በዚያ ቤት እስከ ኖረ ድረስ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ሊቃውንት የአፋሩ ፍጡር ከደቡብ አፍሪካው ጋር በአንድ ወገን ሊቈጠር አይገባውም፣ ቤቱ ለብቻው ነው ማለት ጀመሩ። ለብቻው ወጥቶ ወደ ፕሬአንትሮፑስ ቤት ከተመለሰ በዚያ ቤት ሌላ አፍሪካኑስ ስለሌለ የ1950ው ስም ይነሣለታል፤ አፋሬንሲስም ይቀራል። ይህ ባዶ ግምት አልነበረም፤ በ1997 ዴቪድ ስትሬት፣ ፍሬድሪክ ግራይንና ማርክ ሞኒዝ የአፋሩን ዝርያ ፕሬአንትሮፑስ አፍሪካኑስ ብለው ጽፈዋል። በሕጉ ፊደል ጥፋት አልሠሩም። በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ግን መከራውን በቀላሉ ይገምታል፤ ተማሪው ከ1925 ጀምሮ የታውንግን ልጅ የሚያመለክተውን አፍሪካኑስ የሚለውን ቃል በአንዱ መጽሐፍ ለደቡብ አፍሪካው፣ በሌላው መጽሐፍ ለድንቅነሽ ተሰጥቶ ሊያነብ ነው። የአፋርም ስም በመላው ዓለም መማሪያ መጻሕፍት ከታወቀ በኋላ በአንድ ጀርመናዊ መጽሔት ምክንያት ሊጠፋ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1996፣ በአውስትራሊያ ያስተምሩ የነበሩት ኮሊን ግሮቭስ ለኮሚሲዮኑ አቤቱታ አቅርበው ነበር። የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ ቫይነርት በ1950 ያወጣው አፍሪካኑስ እንዲታገድና አፋሬንሲስ ዝርያው በየትኛውም ወገን ቢቈጠር እንዲጸና። ኮሚሲዮኑ በ1999 በሙሉ ሥልጣኑ ተጠቅሞ ልመናውን ተቀበለ። የውሳኔው ቁጥር 1941 ነው፤ ቁጥር እንጂ ዓመት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አፋሬንሲስ በጸኑ ስሞች መዝገብ፣ የቫይነርት አፍሪካኑስ በተጣሉ ስሞች መዝገብ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ፍጡሩን ለብቻው ወገን ማድረግ የሚወድ ሊቅ ፕሬአንትሮፑስ አፋሬንሲስ ብሎ ይጽፋል፤ በነባሩ ወገን የሚያቈየውም አውስትራሎፒቴኩስ አፋሬንሲስ ይላል። በሁለቱም አፋር አለ።

ኮሚሲዮኑ ያልፈረደውም ነገር ከፈረደው አያንስም። የሐዳሩ ፍጡር የሰው አባት ነውን? ላይቶሊና ሐዳር በእውነት አንድ ዝርያ ናቸውን? ወገኑስ የትኛው ነው? በእነዚህ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሊናገርም ሥልጣን የለውም። የተፈጥሮን ነገር ለተመራማሪዎች ትቶ የስሙን ነገር ብቻ ይዟል። በዚህ ምክንያት በሐሳብ ፈጽሞ የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ስም መጻጻፍ ችለዋል። ስም ከነገሩ ጋር የማይጋጭበት ጊዜም አለ፤ ቲም ዋይት፣ ገን ሱዋና ብርሃኔ አስፋው በ1994 አውስትራሎፒቴኩስ ራሚዱስ ያሉትን የመካከለኛው አዋሽ ፍጡር በሚከተለው ዓመት አርዲፒቴኩስ ወደሚባል አዲስ ወገን ሲያዛውሩት፣ በአፋርኛ ሥር ከሚለው ቃል የወጣው ራሚዱስ የሚነካው ሳይኖር አብሮ ተዛወረ።

የወሰን ድንጋዩ ነገር ግን እንደ ነበረ ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ሐዳርንና ላይቶሊን እንደ አንድ ዝርያ ያያሉ። አንድ ቀን ሁለት ናቸው ተብሎ ቢወሰን፣ በደንቡ መሠረት አፋሬንሲስ የሚለው ስም ተሸካሚው ካለበት ከታንዛንያው ዐፅም ጋር ይቀራል፤ በአፋር ምድር የተወለደችው ድንቅነሽ የአፋርን ስም ታጣለች፣ ሌላ ስም ይፈለግላታል። ዛሬ እርሷ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ትገኛለች። ጋሩሲ የተገኘው ሁለት ጥርስ ያለው ቁራጭ፣ የራሱ ስም ከታገደበት ጊዜ አንሥቶ፣ በመጻሕፍት ውስጥ የሚጠራው አፋሬንሲስ ተብሎ ነው።