ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እስከ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ገንዘብ

በየካ ክፍለ ከተማ ለምንኖርና ለምንሠራ ሁሉ እንጦጦ የቅርብ ጎረቤታችን ነው። የቀበና ወንዝ ከእርሱ ይነሳል፤ የክረምቱ ጎርፍም የሚመጣው ከዚያው ነው። ማገዶው፣ የአጥሩና የቤቱ እንጨት ለብዙ ትውልድ ከዚሁ ተራራ ሲወርድ ኖሯል። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ የተራራውን ታሪክ የምናነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ዛሬ ዛፍ መትከልና ተራራ መጠበቅ ዓለም አቀፍ ገንዘብ የሚመደብለት ሥራ ሆኗል። ሆኖም በየስብሰባው በቢሊዮን ዶላር የሚነገርለት ይህ ገንዘብ አርሶ አደሩ ደጃፍ ሲደርስ በጣም ቀጥኖ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በግብር ምሕረት የለመለመ ተራራ

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ አውርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ የተራራው የሀገር በቀል ደን እየተመናመነ ነበር። ጥዱና ወይራው ለቤተ መንግሥቱ፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለሠራዊቱ ማገዶ አለቀ። የእንጨት እጦቱ እየከፋ ሄዶ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደረሰ።

ከተማይቱን ያዳናት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ዛፉ ብቻ ሳይሆን የተስፋፋበት መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ዛፍ ለሚተክል ሰው የመሬት ግብር አቀለሉ፤ ችግኙም በርካሽ እንዲዳረስ አደረጉ። ባለ መሬቱ የሚያገኘውን ጥቅም አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ለዚያ ጥቅም ሲል ተከለ። ማበረታቻውና ተካዩ በቀጥታ ስለተገናኙ ተራራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመለመ። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ውሃ የሚሻማና ከሥሩ ሌላ ተክል የማያበቅል በመሆኑ የኋላ ኋላ የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። ይሁን እንጂ ለዛፍ የሚሰጥ ማበረታቻ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረው የመጀመሪያው ምሳሌ በደጃችን ያለ ነው።

የእርዳታ ደንና ባለቤት ያጣ ዛፍ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የእንጦጦና የአካባቢው ደንም ከግለሰቦች እጅ ወጣ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ዙሪያ በውጭ እርዳታና ብድር ሰፋፊ የማገዶ ደኖች ተተከሉ። የውጭ ገንዘብ በስፋት ወደ ተራሮቻችን የገባው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ደኑ የመንግሥት ነበር፤ ሕዝቡም የሚያውቀው ጥበቃውን ነው። ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ከወገባቸው በላይ የሚከብድ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት የእንጦጦ ሴቶች በየመንገዱ ይያዙና ይቀጡ ነበር። ተራራውን በእግራቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳሉ ለተራራው በመጣው ገንዘብ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። በኋላ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ሽመና በመሥራት ሌላ የኑሮ መንገድ መክፈታቸው የሚያስመሰግን ነው።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች በዚያ ዘመን የተተከሉ ደኖች ተመነጠሩ። ገንዘቡ ዛፉን ቢተክለውም ባለቤት ስላልተከለለት ጠባቂ አጣ። በእንጦጦ በኩል ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ባሕር ዛፉን በሀገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተከፍቷል።

ሁምቦ፦ ማኅበራት ካርበን የሸጡበት ተራራ

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ከወላይታ ነው። በሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደርጎ እንዲያገግም ተደረገ። አብዛኛው ዛፍ በችግኝ የመጣ ሳይሆን ከአፈር ውስጥ የነበረው ጉቶና ሥር እንደገና አቆጥቁጦ ነው። ሥራውን ወርልድ ቪዥን ሲያግዝ፣ በደኑ ውስጥ የሚከማቸውን ካርበን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ባዮ ካርበን ፈንድ ነበር።

ሁምቦን የተለየ ያደረገው አደረጃጀቱ ነው። ነዋሪው በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ፤ ማኅበራቱ በደኑ መሬት ላይ ሕጋዊ የመጠቀም መብት አገኙ፤ ድንበሩ ተለካ፤ መተዳደሪያ ደንብ ጸደቀ። ለዚህ መሠረት የሆነው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሰጠው ሕጋዊ ሰውነት ነው። ማኅበር ባይኖር ኖሮ ገዢው የሚዋዋለው አካል ባላገኘም ነበር።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ስልት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከ73,000 በላይ የካርበን የምስክር ወረቀት ተሰጠው። በዚህ ዓይነት ሰፊ የደን ፕሮጀክት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት 165,000 ቶን የሚሸፍን ሆኖ ለማኅበራቱ ከ700,000 ዶላር በላይ እንደሚያስገኝ ታቅዶ ነበር። ማኅበራቱ ከገቢው የእህል ወፍጮና የእህል መጋዘን አቋቁመውበታል።

ይሁንና ሒሳቡን እንመልከት። በቶን የደረሰው ወደ 4 ዶላር ገደማ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለው በሁለት ምክንያት ነው። የደን የምስክር ወረቀት ጊዜያዊ እንዲሆን በመወሰኑ ጊዜው ሲያልፍ ገዢው ሌላ መተካት ነበረበት፤ ትልቁ የአውሮፓ የካርበን ገበያም የደን ካርበንን አልቀበልም ብሎ ነበር። በተጨማሪም ለመለካት፣ ለማረጋገጥና ለመመዝገብ ብዙ ዓመትና ብዙ ወጪ ጠይቋል። ያለ ትልቅ ደጋፊ አንድ ማኅበር ብቻውን የሚወጣው መንገድ አልነበረም።

ከኮፐንሃገን እስከ ገንዘብ ሚኒስቴር

በዚያው ሁምቦ በተመዘገበበት ወር በኮፐንሃገን በተደረገው ጉባኤ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ያደጉት ሀገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። በተከታዩ ዓመት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንዲያጠና የተቋቋመውን የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ቡድን አቶ መለስ በጋራ ሊቀ መንበርነት መርተዋል። ቃሉ ግን በጊዜው አልተፈጸመም፤ የበለጸጉት ሀገሮች ራሳቸው ባወጡት ሒሳብ መጠኑ የተሟላው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው ብድር ነው።

ሀገራችን በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ አድርጋ የራሷን የገንዘብ ቋት አቋቋመች። ዓላማው ገንዘቡ በውጭ ድርጅቶች በኩል ዞሮ ከመምጣት ይልቅ በቀጥታ እንዲደርስ ነው። ለዚህም የያኔው የገንዘብና ኢኮኖሚ ትብብር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ዘንድ ዕውቅና አገኘ። ዕውቅና ማግኘት ማለት የሒሳብ አያያዝ፣ የግዢ ሥርዓት፣ የኦዲት፣ የአካባቢና የሴቶች ጉዳይ አሠራር አንድ በአንድ ተፈትሾ ማለፍ ነው።

ዕውቅናው ሲገኝም ገንዘቡ ወዲያው አልመጣም። በድርቅ ለተጎዱ ወረዳዎች የውሃና የመስኖ ሥራ የቀረበው ፕሮጀክት «ይህ ተራ ልማት ነው ወይስ የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋም?» የሚል ክርክር አስነስቶ ነበር። ውሃ ለሚጠማ አርሶ አደር ሁለቱን መለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ ያውቀዋል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ፈንዱ 45 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ መንግሥትም 5 ሚሊዮን ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ ዋጋውም መንገዱም ትንሽ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው ኦሮሚያ ክልል ለሚቀነስ ልቀት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ውል ከዓለም ባንክ ጋር ተፈርሟል፤ ይኸውም በቶን 10 ዶላር ነው። ክፍያው የሚመጣው ግን ሥራው ተሠርቶ፣ ተለክቶና ተረጋግጦ ካበቃ በኋላ ነው።

ለማኅበሮቻችን የሚቀር ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ገንዘቡ የሚፈሰው ችግሩ ወደ በዛበት ሳይሆን ዝግጅቱ ወደ ተሟላበት መሆኑን ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ መንግሥታችንና አፍሪካ መለወጥ አለበት ብለው የሚከራከሩትም ትክክል ናቸው። የመቀበያው በር እስኪሰፋ ድረስ ግን እኛ ማድረግ የምንችለው አለ።

አንደኛ፣ የመሬት ይዞታና የመጠቀም መብት ማስረጃ ይሟላ፤ ድንበሩም በካርታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት መዝገብና በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ የማኅበር የዕለት ሥራ ይሁን። ሦስተኛ፣ አነስተኛ ማኅበራት ብቻቸውን የማይችሉትን የመለካትና የመዋዋል ወጪ ዩኒየን በጋራ ይሸከም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። አራተኛ፣ ተጠቃሚው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ማገዶ ለቅመው የሚኖሩት እናቶችና እኅቶች ከአባልነትና ከትርፍ ክፍፍል ውጭ ከሆኑ ደኑ ነገም ጠባቂ አይኖረውም። የየወረዳውና የክፍለ ከተማው ኃላፊዎችም የይዞታ ጥያቄን ፈጥነው በመመለስ ትልቁን ድርሻ ይወጣሉ ብለን እናምናለን።

ሠላሳ ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። የዓለም ተደራዳሪዎች ስለ ገንዘቡ ሲከራከሩ ከመስኮታቸው የሚያዩት ተራራ እንጦጦ ነው። በዚያን ጊዜ ካርታውንና መዝገቡን ይዞ «እኛ ዝግጁ ነን» የሚል ማኅበር ከመካከላችን እንዲገኝ ከአሁኑ እንሥራ።

መልካም የምሥረታ በዓል!