ከባሶ ገበያ እስከ አበቅቴ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የጁቤ ትገኛለች። ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ግን ስሟ የሚነሣው ከባሶ ገበያ ጋር ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከከፋ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና፣ ምን ይደረግ፣ የሰው ልጅም ለሽያጭ ይመጣባት ነበር። እኔ ግን ስለዚህ ገበያ ባሰብሁ ቁጥር ከሸቀጡ ይልቅ የሚገርመኝ ወሬው ነው። ወንዙ በየት ዞሮ እንደሚወርድ፣ ከእናርያ እስከ ከፋ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ የየአገሩ ሰው በምን ቋንቋ እንደሚግባባ ነጋዴው በቃሉ ያውቅ ነበር።

ይህን ወሬ የጻፈው ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ የዐሥራ አራት ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት ሰበሰበ፤ ዑመር ኢብን ነጃት ከተባለ የደሪጣ ተወላጅ ነጋዴ የሰማውንም በ1843 በለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። በ1845 ማኅበሩ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ቢክን አልወቅሰውም፤ የነገረውን ሰው ስም አልሸሸገምና። ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለለንደን ሰው ነበር። የባሶ ልጅ ምኑን ያነበዋል?

ዛሬ ሳይንስን ለሕዝብ ለማስረዳት የተነሡ ወጣቶች አሉ፤ በኤፍ ኤም ሬዲዮም በቪዲዮም ይናገራሉ። ደስ ይለኛል። የምፈራላቸው ግን የቢክን መንገድ ገልብጠው እንዳይሄዱበት ነው፤ ከውጭ የመጣውን እንዳለ አምጥተው ያገሩን ሰው ባዶ ዕቃ አድርገው እንዳይቆጥሩት።

ባዶ አለመሆኑን ለማየት ባሕረ ሐሳብን መመልከት ይበቃል። ሐዲስ አለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ እንዲህ ያለው የአብነት ትምህርት ዓለም ከቅኔው ጋር የዘመን ቆጠራም ያለበት ነው። ውድ አንባቢ፣ 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ 12፣ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ ደግሞ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ተማሪው መሳሳቱን ያውቃል። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም።

እስከዚህ ድረስ ሥርዐት ነው። ለምን 11 ሆነ? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ፀሐይ በየዓመቱ በ11 ቀን ትበልጣለች። ለምንስ 19? 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት ብቻ ስለሚገጥሙ ነው። የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዘመን ስሙን የተወበት ዑደት ይኸው ነው። ቁጥሩን መምህሩ አስተምረዋል፤ ምክንያቱን መንገር ለሳይንስ ተናጋሪው ይቀራል።

ቃሉም አላነሰንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጁ «ፎቶሲንተሲስ»ን ሸምድዶ ፈተና ያልፋል፤ እርሻ ላይ ላለው አባቱ ግን ምን እንደተማረ ሊነግረው አይችልም። መዝገበ ቃላቱ «ብርሃን አስተፃምሮ» ይለዋል። ይህም ከበደ እንዳትሉ፤ «ፀመረ» በግእዝ «አጣመረ» ነው። ሰም ለይቶ ወርቅ ለሚያወጣ የቅኔ ልጅ ቃሉ ራሱ ትምህርቱ ነው፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ኀይል ውሃንና ከአየር የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጣምሮ ምግቡን ይሠራል።

ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ዐድዋ ላይ ያደረጉት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ በእንዶድ የመግደል ምርምር ከዚያ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ። ዐጣቢዎቹን ግን ማንም አልሸለማቸውም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። ስለ ግርዶሹ ብዙ ተነገረ፤ ዐይንን ስለመጠበቅም በሚገባ ተመከረ። አበቅቴ ለሚያውቅ ተማሪ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ ሠርቅ በምትሆንበት ዕለት ብቻ ነው፤ በዚያ ዕለት ጨረቃ ከእኛ ራቅ ስላለች አንሣ ታየች፣ ፀሐይንም ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም።