የሰልፋ መድኃኒትና ከስድሳ ዓመት በኋላ የታየው ዒላማው

በሕያው ሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ኮፋክተር የተሰኘ አጋዥ ሞለኪውል ካላገኙ ሥራቸውን መፈጸም አይችሉም። ከእነዚህ አጋዦች አንዱ የፎሊክ አሲድ ወገን የሆነው ቴትራሃይድሮፎሌት ነው፤ ሕዋስ የዲኤንኤን መገንቢያዎች በሚሠራበት ጊዜ የካርቦን አቶምን ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው የሚያሻግረው እርሱ ነው። ሰው ፎሌትን ከጎመን፣ ከምስርና ከባቄላ ሲያገኝ፣ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን ራሳቸው ይሠሩታል። በዚህ ሥራ ውስጥ አንዱን ወሳኝ እርምጃ የሚያከናውነው ዳይሃይድሮፕቴሮኤት ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም በሰው አካል ውስጥ ስለሌለ፣ ሰውን ሳይነካ ባክቴሪያውን ለሚመታ መድኃኒት ተስማሚ ዒላማ ነው። ይሁን እንጂ በታሪክ መድኃኒቱ ዒላማውን ቀድሞ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1932 በጀርመን ኤልበርፌልድ፣ በባየር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጌርሃርት ዶማክ፣ ባልደረቦቹ ዮሴፍ ክላረርና ፍሪትዝ ሚችሽ የቀመሙት ፕሮንቶሲል የተባለ ቀይ ቀለም በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተለከፉ አይጦችን ከሞት እንደሚያድን አረጋገጠ፤ ግኝቱንም በ1935 አሳተመ። ቀለሙ በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያን ሳይጎዳ በሕያው አካል ውስጥ ግን መፈወሱ እንቆቅልሽ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ፤ ፕሮንቶሲል በአካል ውስጥ ሲሰበር ሰልፋኒላማይድ የተባለ ቀለም አልባ ንጥረ ነገር ይወጣዋል፣ ፈዋሹም ይኸው ነው። የሰልፋ መድኃኒቶች ዘመን በዚህ ተከፈተ፤ ፔኒሲሊን በስፋት ከመዳረሱ በፊት የሳንባ ምችንና የወላዶችን ትኩሳት ለማከም ሐኪሞች የተማመኑት በእነርሱ ነበር። ዶማክ በ1939 የኖቤል ሽልማት ቢሰጠውም የናዚ መንግሥት እንዳይቀበል አስገድዶታል።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው እንግሊዛዊው ዶናልድ ውድስ ነው። ውድስ በ1940 ፓራ አሚኖ ቤንዞይክ አሲድ፣ በአጭሩ ፓባ፣ የተባለው ንጥረ ነገር ሲጨመር ሰልፋኒላማይድ ኃይሉን እንደሚያጣ አሳየ። ሁለቱ ሞለኪውሎች በቅርጽ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ሰልፋው የፓባን ቦታ በመያዝ ባክቴሪያውን እንደሚያስርብ ገመተ። በቀጣዩ ዓመት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄርሸል ሚቸል፣ ኤስመንድ ስኔልና ሮጀር ዊሊያምስ ከአራት ቶን ስፒናች ያወጡትን ንጥረ ነገር፣ ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል በመነሣት ፎሊክ አሲድ አሉት። በ1940ዎቹ አጋማሽ አወቃቀሩ ሲታወቅ ፓባ በመካከሉ ተገኘ፤ የውድስም ግምት መሠረት ያዘ።

ግምቱን በዓይን ለማየት ግን ሌላ ጥበብ ያስፈልግ ነበር። በክሪስታል ጥናት ዘዴ ፕሮቲኑ በመጀመሪያ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው እንደ ጨው ቅንጣት እንዲረጉ ይደረጋል፤ ከዚያም በተለምዶ ራጅ የሚባለው የኤክስሬይ ጨረር እንዲያልፍበት ተደርጎ፣ ጨረሩ ተበትኖ ከሚተዋቸው ነጠብጣቦች የአቶሞቹ አቀማመጥ በስሌት ይገኛል። ዶሮቲ ሆጅኪን በ1950ዎቹ የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ የፈታችው በዚህ ዘዴ ነበር። ፓባ የሚያያዝበት የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ኢንዛይም፣ ዳይሃይድሮፕቴሮኤት ሲንቴዝ፣ ቅርጹ የታተመው ግን በ1997፣ ፕሮንቶሲል ከተገኘ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

የታየው ቅርጽ በርሜል ይመስላል፤ ስምንት ጥብጣቦች መካከሉን ሲሠሩ ስምንት ጥምዝ ዘንጎች ዙሪያውን ይከብቡታል። ፕቴሪን የተባለው የፎሌት ክፍል በበርሜሉ ጥልቅ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ፓባ ደግሞ ከአፉ አጠገብ፣ በሚንቀሳቀሱ የፕሮቲን ቀለበቶች መካከል ይያዛል። በ2012 በአሜሪካ ሜምፊስ በሚገኘው የሴንት ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል የተሠራ ጥናት፣ ኢንዛይሙን በሥራ ላይ እንዳለ በሚያሳዩ ክሪስታሎች አማካይነት ባክቴሪያዎች ሰልፋን የሚቋቋሙበትን ምክንያት ገለጠ። የሰልፋ ሞለኪውል ከፓባ ስለሚረዝም ጫፉ ከኪሱ ይወጣል፤ ባክቴሪያው ጫፉ የሚነካውን ቦታ ሲለውጥ መድኃኒቱ ይገፋል፣ አጭሩ ፓባ ግን እንደ ቀድሞው ይገባል።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ሰልፋን የያዘው ኮትሪሞክሳዞል ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችን ከተጓዳኝ በሽታዎች ለመጠበቅ ሲታዘዝ ቆይቷል። የወባ ጥገኛ ተውሳክም ይህ ኢንዛይም ስላለው፣ ሰልፋዶክሲን የተባለ ሰልፋ የሚገኝበት ፋንሲዳር የቀድሞውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪንን ተክቶ አገልግሏል፤ ነገር ግን ተውሳኩ ስለተላመደው በ2004 ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ተተካበት። ከኤልበርፌልድ እስከ ሜምፊስ የተዘረጋው ታሪክ የሚያስረዳው፣ መድኃኒት ዒላማው ሳይታወቅ ሊገኝ ቢችልም፣ ኃይሉ ለምን እንደከዳው የሚታወቀው ግን የዒላማው ቅርጽ ሲታይ መሆኑን ነው፤ ወደፊት የሚቀመሙት ተተኪዎችም ከኪሱ ሳይወጡ የሚገጥሙ ሊሆኑ ይገባል።