ሄለን፦ ከራንጉን እስከ አጋሮ

አጋሮ ከጅማ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ልጅ ሳለን ዘመኗ ሁለት ነበር፤ ቡና ያለበትና ቡና የሌለበት። ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማው ሲጧጧፍ፣ ቀዩ ፍሬ በየግቢው አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ የሰው ኪስ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤቱም ይሞላል። ቪዲዮ ቤት የምለው በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ እስከ በሩ ድረስ አግዳሚ ወንበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። የሚታየውም ከአሥር ዘጠኙ የህንድ ፊልም ነው።

ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ማወቅም አላስፈለገንም። ክፉው በጢሙ፣ ደጉ በእንባው፣ እናት በነጭ ልብሷ ይታወቁ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩትም ህንድን በሌላ መንገድ ያውቋት ነበር፤ በንጉሡ ዘመን በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ብዙዎቹ ህንዶች ናቸውና። አባቴ የህንድ አስተማሪውን አነጋገር እያስመሰለ ያስቀን ነበር።

አንድ ምሽት «ሾሌይ» የተባለው ፊልም መጣ። አባቴ፣ እኔና ታላቅ እህቴ አብረን ገባን። ከሦስት ሰዓት የሚበልጠው ይህ ፊልም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሽፍታው ጋባር ሲንግ ከዘላኖች ሰፈር ተቀምጦ መሣሪያ ሊገዛ ይደራደራል፤ እሳት ይነዳል፤ አንዲት ሴት ትነሣና ትጨፍራለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አባቴም አጨበጨበ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልታየችም። እኔ ስለ ጀግኖቹ እያወራሁ ስመለስ እህቴ ዝም ብላ ነበር የምትሄደው።

በሳምንቱ እህቴን ከጓሮ፣ ከቡናው መስጫ አጠገብ፣ ያንኑ ጭፈራ ስትሞክር አገኘኋት። እጇ ልክ ነበር፤ ወገቧም ልክ ነበር። አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ አያት። አልተቆጣም፤ አልመታትም። «ልጄ አዝማሪ አይደለችም» ብሎ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ቪዲዮ ቤት አልገባችም። እኔ ግን መግባቴን ቀጠልሁ።

የዚያች ጨፋሪ ስም ሄለን እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ታሪኳን ሳነብም ያ ምሽት ተመለሰብኝ። እስቲ ለአንባቢዬ ላውጋው። (ዓመቶቹን ካልጠቀስሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሄለን የተወለደችው በ1938 በበርማ ዋና ከተማ በራንጉን ነው። እናቷ በርማዊት፣ አባቷ የህንድና የአውሮፓ ደም ያለው ሰው ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጃፓን ጦር በመጋቢት 1942 ራንጉንን ያዘ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጫካና በተራራ ወደ ህንድ ተሰደዱ፤ በመንገድ የቀረው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የሄለን አባት በጦርነቱ ሞተ። ነፍሰ ጡር እናቷ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ተነሣች። ሄለን በ1964 ለአንድ የፊልም መጽሔት እንደተረከችው፣ ከመንደር ወደ መንደር በሰው ቸርነት እየኖሩ፣ አንዳንዴም የእንግሊዝ ወታደሮች እግራቸውን እያከሙላቸው ተጓዙ። አሳም ውስጥ ዲብሩጋር ሲደርሱ አብረዋቸው ከተነሡት የቀረው ግማሹ ነበር። እናቷ በመንገድ አስወረዳት። ሆስፒታል ሁለት ወር ተኙ። ካልካታ ሲገቡ ደግሞ ወንድሟን ፈንጣጣ ወሰደው። ከራንጉን እስከ ዲብሩጋር በቀጥታ መስመር እንኳ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጅቱ ያን ጊዜ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም።

ይህን ሳነብ የእኛን አገር መንገድ አሰብሁ። ጅማም በእግር የሄዱ ልጆችን ታውቃለች። ዛሬ ከተማው ያረፈበት ሂርማታ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዚሁ አካባቢ፣ ከጉማ፣ ተማርካ በባርነት የተሸጠችው ቢሊሌ በአንድ የጀርመን መስፍን እጅ ገብታ በ1840 በሙስካው ሞታለች፤ መቃብሯ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ቀይ ባሕርንና የህንድ ውቅያኖስን የተሻገሩትም ብዙ ናቸው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በህንድ የደካን ጦር መሪና ገዢ ለመሆን የበቃው ማሊክ አምባር አንዱ ነው። ዘሮቻቸው ህንድ ውስጥ «ሀብሺ» እና «ሲዲ» እየተባሉ ይኖራሉ። በጓሮ ቡና ሥር ያደግን ልጆች ህንድን እንደ ሩቅ ተረት ስናያት፣ የሀገራችን ልጆች እግር ከእኛ በፊት ደርሶባት እንደነበር አናውቅም ነበር።

ወደ ሄለን ልመለስ። እናቷ በነርስነት የምታገኘው ደመወዝ ለቤቱ አልበቃ ስላለ ሄለን ትምህርቷን አቋረጠች። ቦምቤይ ውስጥ ኩኩ የተባለች በዘመኑ ስመ ጥር የነበረች ጨፋሪ የቤተሰቡ ወዳጅ ነበረችና፣ እጇን ይዛ ወደ ፊልም ሥራ አስገባቻት። መጀመሪያ ከብዙዎች መካከል ከኋላ መስመር ተሰልፋ ነበር የምትጨፍረው፤ በ1951 በወጣው «አዋራ» ውስጥም ከዚያው መስመር ነበረች። ማኒፑሪ፣ ባራታናቲያምና ካታክ የተባሉትን የህንድ ውዝዋዜዎች ተማረች። በ1958 «ሃውራ ብሪጅ» በተባለው ፊልም ቻይናዊት መስላ የጨፈረችበት ዘፈን በአንድ ሌሊት ስሟን አስጠራው። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ድምፁ ግን የእርሷ አልነበረም፤ የጊታ ዳት ነው። ኋላም አብዛኛውን ጊዜ አሻ ቦስሌ ነበረች ከመጋረጃ በስተጀርባ የምትዘፍንላት። በህንድ ፊልም አንዷ ድምፅ ትሆናለች፣ ሌላዋ አካል። ሄለን አካል ነበረች።

የየትኛዋ ሴት አካል? ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የዘመኑ የህንድ ፊልም ሴትን ለሁለት ከፍሎ ነበር። በአንድ ወገን በ1957 «ማዘር ኢንዲያ» ውስጥ ናርጊስ የተጫወተቻት እናት አለች፤ ሞፈር የምትጎትት፣ ክብሯን የምትጠብቅ፣ ስለ መንደሯ ክብር የገዛ ልጇን የምትገድል። በሌላው ወገን በመጠጥ ቤት የምትጨፍረው አለች፤ ስሟ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ስም ነው፤ ኪቲ ወይም ሞኒካ ትባላለች፤ ታጨሳለች፤ ክፉውን ሰው ታገለግላለች፤ ጀግናውን ትወድደዋለች፤ ፊልሙ ሳያልቅ ብዙ ጊዜ ትሞታለች። ተመልካቹ ሊያየው የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ታሳየዋለች፤ ከዚያ ተመልካቹ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ እንዲገባ እርሷ ትቀጣለታለች። ሄለን ይህን ሚና ከሁሉ ይልቅ ተሸከመች። ከሰባት መቶ በሚበልጡ ፊልሞች ታይታለች ይባላል። ከሚያስደንቀኝ ነገር አንዱ ደግሞ ይህ ነው፤ ራቁት የመሰለን ገላ ራቁት አልነበረም። ሄለን ከልብሷ ሥር ቆዳ የሚመስል ስስ ልብስ ትለብስ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ሁሉ ያፈጠጠው በጨርቅ ላይ ነው።

እኛም ብንሆን ይህን ፍርድ ከህንድ አልተማርነውም። አዝማሪን በሠርጋችን ጠርተን፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ የሴትን ሚና ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። አስናቀች ወርቁ ያንን ጥሰው ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነች። ክራርን ራሷ ተምራ፣ ተዋናይም ዘፋኝም ተወዛዋዥም ሆና፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ረጅም ዘመን ሠራች። ክራሯንና ድምፁዋን የያዘው አልበም በ2003 በፈረንሳይ በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ ወጥቶ ዓለም ሰማት። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈች። ሄለንና አስናቀች የተያዩ አይመስለኝም። ቢተያዩ ኖሮ ግን አስተርጓሚ ባላስፈለጋቸው ነበር፤ ሁለቱም ሕዝብ እየወደደ የሚንቃትን ሴት ቦታ ያውቃሉና።

ሰባዎቹ ለሄለን ከባድ ነበሩ። በ1971 «ካራቫን» ውስጥ ያሳየችው ጭፈራ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ቢሆንም፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዋናዎቹ ተዋናዮች፣ እነ ዚናት አማን፣ እንደ እርሷ መልበስና መጨፈር ጀመሩ። ደግ ሴትም መጨፈር ከተፈቀደላት የክፉዋ ሴት ሥራ ምንድን ነው? ትዳሯም ፈረሰ፤ ገንዘብም ቸገራት። ያን ጊዜ ጸሐፊው ሳሊም ካን ከባልደረባው ከጃቬድ አክታር ጋር በሚጽፋቸው ፊልሞች ውስጥ ሚና እንድታገኝ ረዳት። በ1975 የወጣው «ሾሌይ» የእነርሱ ድርሰት ነው፤ በ1978 የወጣው «ዶን»ም እንዲሁ። በ1979 ማሄሽ ባት ባዘጋጀው «ላሁ ኬ ዶ ራንግ» ውስጥ እንደ ተዋናይ ተጫውታ የፊልምፌርን የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከጨፈረች በኋላ፣ ስለ ትወናዋ ሲሸልሟት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በ1981 ሳሊም ካንን አገባች፤ ሁለተኛ ሚስቱ ሆነች። በ1983 ገደማ ከፊልም ራቀች። የኋለኛው ትውልድ የሚያውቀው ሳልማን ካን የእንጀራ ልጇ ነው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ወደ ስክሪን ስትመለስ የእናትነትና የአያትነት ሚና ነበር የተሰጣት። ጄሪ ፒንቶ በ2006 ስለ እርሷ የጻፈው መጽሐፍ የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትን አገኘ። በ2009 መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ኒሻን ሸለማት። በፊልም ውስጥ እየደጋገመች የሞተችው ሴት፣ በሕይወቷ ከገዳዮቿ ሁሉ በልጣ ቆመች።

ባለፈው ዓመት ለቡና ለቀማ ወደ አጋሮ ወርጄ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። እህቴ የልጆች እናት ናት፤ ከመስጫው አልጋ ላይ ቡናውን በእጇ እያገላበጠች ነበር ያገኘኋት። ስልኬን አውጥቼ የ«ሾሌይ»ን ያንን ቦታ ከፈትሁላት። የሄለንን የስደት ታሪክም ነገርኋት።

እስኪያልቅ አየችው። «አምስት ዓመት ሳይሞላት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ?» አለች። አዎ አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እኔ እኮ እሷን መምሰል አልነበረም የፈለግሁት፤ እንደ እሷ አንድ ነገር ጥሩ አድርጌ ማወቅ ነበር የፈለግሁት» አለችኝ። ከዚያ ትንሿ ልጇ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና ዘፈኑን እንደ ገና ከፈተችው። እህቴ አልከለከለቻትም። ቡናውን ማገላበጧን ቀጠለች፤ ዐይኗ ግን ከልጅቱ እግር ላይ ነበር።