ከሶሎ ከንቲባነት እስከ ኢንዶኔዥያ ቤተ መንግሥት

ጆኮ ዊዶዶ (ጆኮዊ) እ.ኤ.አ. በ1961 በኢንዶኔዥያዋ ሶሎ ከተማ ከእንጨት ሻጭ ቤተሰብ ተወለዱ። ያደጉት በወንዝ ዳር በደሳሳ ቤት ነው፤ ከመኖሪያ መፈናቀልንም በልጅነታቸው ቀምሰዋል። የደን ትምህርት አጥንተው የቤት ዕቃ አምራችና ላኪ ከሆኑ በኋላ በ2005 የሶሎ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

በወቅቱ የባንጃርሳሪ መናፈሻን ወደ 1,000 የሚጠጉ የጎዳና ነጋዴዎች ሞልተውት ነበር። ከንቲባው በኃይል ከማስነሳት ይልቅ ነጋዴዎቹን እየጋበዙ ከ50 ጊዜ በላይ አብረዋቸው ማዕድ ቆረሱ። በ2006 ነጋዴዎቹ ተስማምተው በሰልፍና በደስታ ወደ አዲሱ ገበያ ተዛወሩ። በ2010 ሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥቶ ደግሞ መረጣቸው። በ2012 የጃካርታ ገዥ፣ በ2014 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ2021 ልጃቸው ጊብራን ያንኑ የሶሎ ከንቲባነት ያዘ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ሕጉ 40 ዓመት ይጠይቃል፤ እሱ ግን ገና 36 ነበር። በ2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ በምርጫ አካባቢን ያስተዳደረ ሰው ዕድሜው ባይደርስም መወዳደር ይችላል ሲል ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ የጆኮዊ እህት ባል ነበሩ፤ በሥነ ምግባር ጥሰት ከሰብሳቢነታቸው ተነሡ። ውሳኔው ግን ጸና፤ ጊብራንም በ2024 አሸነፈ።

አባት በሕዝብ አመኔታ የወጡበት የከንቲባነት ወንበር ለልጅ የሕግ መሻገሪያ ሆነ። መሪን ሥልጣን ሲይዝ ብቻ ሳይሆን ሲለቅም እንመዝነው።